የመምህር ዕድሜ በደቀ መዝሙሩ ይቈጠራል

የኢዮቤልዩ በዓል በደረሰ ጊዜ ሕንፃውን ማን እንዳሠራ፥ ደወሉን ማን እንደ ሰጠ፥ መጋረጃውን ማን እንደ ገዛ መቍጠር የተለመደ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሕንፃው ውስጥ የሚቀደሰውን ቅዳሴ፥ የሚዜመውን ዜማ፥ የሚቀርበውን ቅኔ ያስተማረው ሰው ስሙ በድንጋይ ላይ አይቀረጽም፤ በመዝገብም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን መምህራን እንድናስብ አዝዞናልና፥ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ስላስተማረው የገጠር የኔታ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማበር ብርድና ጉም ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል የወረደ መንገደኛ፥ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ይደርሳል። በላይ ገብስና ባቄላ፥ በታች ማሽላና ማሾ ይበቅላል። የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣው ይህ ቆላ እህል የማይነሣ ለጋስ አገር ነው፤ ንዳዱ ግን ለጋስነቱን ያስከፍል ነበር። የወባ መድኃኒት ሳይዳረስ በፊት ደገኛው ቆላ ወርዶ ዘርቶና አጭዶ ወደ ደጋው ለማደር ይቸኵል ነበር። እንግዲህ ከደጋ ተምሮ መጥቶ በዚህ ቆላ ጉባኤ ዘርግቶ የሚቀመጥ መምህር፥ የሚሰጠው ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ጤናውንም ጭምር ነበረ።

ይፋት ደግሞ የሁለት ትምህርት አገር ናት። በ1278 ዓ.ም. ገደማ የወላስማ ሱልጣኖች መንግሥታቸውን ካጸኑባት ጊዜ ጀምሮ እስልምና በዚህ ምድር ሥር ሰዶ ኖሯል። ስለዚህ በአንዱ መንደር የኔታ በዛፍ ጥላ ፊደል ሲያስቈጥር፥ በሌላው መንደር ሼኹ በሎህ ላይ ጽፎ ቍርኣን ያስቀራ ነበር። አማራውም አርጎባውም ልጁን ለመምህር ሲሰጥ በሙሉ እምነት ነው፤ ሃይማኖቱ ቢለይም ለመምህር የሚሰጠው ክብር አንድ ነው።

የየኔታ ሥራ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል። ሕፃኑ ፊደልና አቡጊዳ ቈጥሮ፥ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፥ ከወንጌል ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ልጅ በአገሩ ዘንድ ማንበብ የቻለ ተብሎ ይቈጠራል፤ ደብዳቤ የሚያነብለት ያጣ ጎረቤት ሁሉ ደጁን ይጠናል። ከዚያ ወዲያ ዜማና ቅኔ ይከተላል። የቅኔ መምህር ምሥጢሩን ነግሮ፥ ግሡን አስገስሦ ተማሪውን ያሰናብተዋል፤ ተማሪውም በየጫካው ተሠውሮ ብቻውን ይቈጥራል። መጀመሪያ 2 ቤት የሆነውን ጉባኤ ቃና፥ እየቈየም 8 ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። ማታ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያቀናለታል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይደገምምና፥ መምህሩ 40 ዓመት ቢያስተምር 40 ዓመት ሙሉ አዲስ ሲያወጣ ይኖራል። ከዚያ ሁሉ ድካም በብራና ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የቀረው በተማሪው ልብ ይቀመጣል።

ኑሮውስ እንዴት ነበረ? ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በማርያም ስም ቍራሽ እየለመነ ይማር ነበር። መምህሩ ግን ደብሩ ከነበረው መሬት ድርሻ ያገኝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የአድባራቱ መሬት ሁሉ ስለተወሰደ፥ ከዚያ ወዲህ የገጠር መምህር ጉባኤ በምእመኑ እጅ ወደቀ። ቍና እህል ያመጣ ገበሬ፥ ጎጆ የከደነ ጎልማሳ፥ ውኃ የቀዳች እናት ጉባኤው እንዳይታጠፍ አድርገዋል። የእነርሱም ስም ከመምህሩ ስም ጋራ መታሰብ ይገባዋል።

የመምህር ስም እንዴት እንደሚተርፍ ሦስት ምሳሌ እንመልከት። የመጀመሪያው ከእኛ በስተሰሜን በወሎ ነው። መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ብዙ ሊቃውንት አወጡ፤ ዛሬ በደሴ ከተማ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ሁለተኛው የሸዋው ሊቅ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነገር ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ከኢጣልያዊው ሊቅ ከጕይዲ ጋራ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ስላረፉ በኢየሩሳሌም ደቀ መዝሙራቸው ለነበሩት ለኪዳነ ወልድ ተዉላቸው። ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን ሲደክሙበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ ግን ገና አልታተመም ነበር። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ጨመሩ። አንዱ ሥራ የሦስት ሰው ዕድሜ ፈጀ። ደቀ መዝሙር ባይኖር ኖሮ የፊተኛው ድካም ከፊተኛው መምህር ጋራ በተቀበረ ነበር። ሦስተኛው፥ ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ትምህርት ቤት ኑሮና ስለ ቀድሞ ሊቃውንት ያወጉትን ጽፈው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ማሳተማቸው ነው። ሽማግሌው አወጉ፥ ልጁ ጠይቆ ጻፈ፤ በዚህ ብቻ የአንድ መምህር ረጅም ዕድሜ ለእኛ ደረሰ።

ስም በትምህርት ቤት፥ ድካም በመጽሐፍ፥ ትዝታ በልጅ ብዕር ሲተርፍ እንዲህ ነው። በይፋት ቆላ ያስተማሩት ብዙዎች ግን ከሦስቱ አንዱንም አላገኙም። በቤተ ክርስቲያን ጥግ ተቀብረዋል፤ በመቃብራቸው ላይ ሣር በቅሏል። ያስተማሯቸው ሕፃናት ዛሬ አርጅተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ካህን፥ ዳኛ፥ ገበሬ፥ ነጋዴ፥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ኖረዋል። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከዚያም በየአውራጃው ሲበዛ፥ አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ የተጠሩት ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ልጁን በጠመኔ የሚያስተምረው የገጠር አስተማሪም የዚያው የየኔታ የልጅ ልጅ ነው።

በቅኔ ቤት ያለ ልማድ ለዚህ ይረዳናል። ተማሪ «ከማን ተማርህ?» ቢባል መምህሩን፥ የመምህሩንም መምህር ወደ ላይ ይቈጥራል። ደብራችንም በዚህ በዓል እንዲህ ያለ መዝገብ ይክፈት፤ በዚህ ስፍራ ያስተማረ ሁሉ ስሙ፥ የተወለደበት አገር፥ የተማረበት ጉባኤ፥ ያስተማረበት ዘመን፥ ያወጣቸውም ደቀ መዛሙርት ይጻፉበት። መጠየቅ የሚገባቸው ሽማግሌዎች ዛሬ በመካከላችን በምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ ብዕሩም ብራናውም ቢበዛ የሚናገር አይገኝም። ከዚህ ጋራ አሁን በጉባኤው ያሉት መምህር ቀለባቸው እንዳይጐድል ምእመናን በየወሩ የሚችሉትን ይወስኑ፤ የሞተውን መምህር እየዘከሩ በሕይወት ያለውን ማስራብ ዝክሩን ከንቱ ያደርገዋልና።

ጣራ ያረጃል፥ ይታደሳልም። መምህር ግን በተማሪው ካልታደሰ የሚታደስበት ሌላ መንገድ የለውም። እግዚአብሔር ያለፉትን መምህራኖቻችንን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ያሉትን በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን፤ ለእኛም የተማርነውን የማስተማር ልብ ይስጠን። አሜን።