የኤንሲኤኤ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና

የኤንሲኤኤ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ የሚያካሂዱት አገር አቀፍ ውድድር ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በ8 ቡድኖች ተጀመረ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ2011 የተሳታፊዎቹ ቁጥር 68 ደረሰ። አንዴ የተሸነፈ ቡድን ወዲያው ስለሚሰናበት፣ ታላላቅ ቡድኖች በትናንሾቹ መረታታቸው የተለመደ ነው። በ2018 ቨርጂኒያ በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ 54 ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ወጣ፤ በዓመቱ ግን ያው ቨርጂኒያ ዋንጫውን ወሰደ።

በዋንጫ ብዛት ቀዳሚው ዩሲኤልኤ ሲሆን ካሉት 11 ዋንጫዎች 10ሩን ያገኘው በአሰልጣኝ ጆን ዉደን ዘመን ነው። ከ1967 እስከ 1973 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፈው ይኸው ቡድን ነው።

በታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የሚነሳው ግን የ1966 ፍጻሜ ነው። የቴክሳስ ዌስተርን አሰልጣኝ ዶን ሃስኪንስ ጨዋታውን በአምስት ጥቁር ተጫዋቾች ጀመረ፤ በፍጻሜ ጨዋታ ይህ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ተጋጣሚው ኬንታኪ ተጫዋቾቹ በሙሉ ነጮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች በቡድናቸው አያሰልፉም ነበር። ቴክሳስ ዌስተርን 72 ለ 65 አሸነፈ፤ ቦቢ ጆ ሂል ብቻውን 20 ነጥብ አስቆጠረ። ኬንታኪ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋቹን ቶም ፔይንን ያስፈረመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1969 ነው።