እስር ቤት የሙያ ቤት ሲሆን

ቄስ ሊዮን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1950 በሰሜን ፊላዴልፊያ የሚገኘውን የጽዮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለማገልገል ሲመጡ፣ በዙሪያቸው ካገኙት ሕዝብ ብዙው ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ፈልሶ የመጣ ወይም የፍልሰተኛ ልጅ ነበር። ፋብሪካው ቅርብ ነው፤ በሩ ግን ለጥቁሮች ከጥረጋና ከሸክም ላለፈ ሥራ እምብዛም አይከፈትም ነበር።

ለዚህ ችግር በመጀመሪያ የተሰጠው መልስ ሥልጠና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሱሊቫንና አራት መቶ ያህል የከተማይቱ ጥቁር ቀሳውስት፣ ጥቁሮችን በደኅና ሥራ የማይቀጥር ኩባንያ ምርት እንዳይገዛ ለየምእመናኖቻቸው ይነግሩ ጀመር። አስቀድሞ የተመረጠው ቴስቲ የተባለው የኬክ ኩባንያ ነበር። የተጠየቀውም ብዙ አልነበረም፤ ጥቂት ሾፌሮች፣ ጥቂት የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ጥቂት ሴቶች በፋብሪካው ውስጥ ይቀጠሩ የሚል ነበር። ኩባንያው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እሺ አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

በሩ ሲከፈት ግን ሌላ ጉድለት ታየ። ለዘመናት ከመኪናው አጠገብ እንዳይቆም የተከለከለ ሰው፣ መኪናውን እንዲያንቀሳቅስ ሲጠራ ከየት አምጥቶ ይቻል? ስለዚህ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1964 ኦ.አይ.ሲ. በሚል ምሕጻር የታወቀው ማሠልጠኛ ተከፈተ። ቤቱ ማዘጋጃ ቤቱ በዓመት በአንድ ዶላር ያከራየው፣ የተተወ እስር ቤት ነበር። ለትምህርት ከመጡት መካከል ቤቱን በሌላ ምክንያት የሚያውቁት አልጠፉ ይሆናል።

ምን ዓይነት ሙያ እንደሚፈለግ የሚናገሩት ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ከመሣሪያውም የሰጡት አለ። የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሮኒክስ፣ የልብስ ስፌትና የምግብ ቤት ሥራ ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ለሙያችን ባልደረቦች ይበልጥ ሊያስተውሉት የሚገባው፣ ከመኪናው በፊት የመጣው ነገር ነው። ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ የመኪናውን መመሪያ ለማንበብ እንኳ አልቻሉም። ማዕከሉም በመግቢያ ፈተና እየለየ ከመመለስ ይልቅ «መጋቢ» የተባለውን ትምህርት አቋቋመ። በዚህ ክፍል ንባብና ሒሳብ ይሰጥ ነበር፤ የማመልከቻ ቅጽ አሞላል፣ በቀጣሪ ፊት አቀራረብ፣ ሰዓት ማክበር፣ አለባበስም ጭምር። ከዚህ ሁሉ ጋር የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ይነገር ነበር። ይህ የመጨረሻው ከሥራ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም፤ ሆኖም «አትችልም» እየተባለ ላደገ ሰው ትርፍ ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ለሠልጣኝ አበል አይከፈልም ነበር። ሱሊቫን ይህን ራስን የመርዳት ምልክት አድርገው ቢያዩትም፣ ልጆች ላሏት እናት ከባድ ሸክም እንደነበረ መካድ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ማዕከሉን ጎበኙ። የፌዴራል ገንዘብ እየጨመረ ሄዶ ሥራው ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ፤ ባሕር ተሻግሮም ናይጄሪያና ጋና፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያ ደረሰ።

ገንዘቡ እንደ መጣ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1981 በኋላ መንግሥት ለሥልጠና የሚሰጠውን ቀነሰ፤ በ1982 የወጣው ሕግም ማሠልጠኛዎችን በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ባስቀጠሩት ሰው ቁጥር የሚመዝን ሆነ። ይህን ቁጥር ለማሟላት የሚቀለው፣ ከሥራ ብዙም ያልራቀውን መርጦ መቀበል ነው። ማንበብ ለማይችለው ሰው በመጋቢው ክፍል የሚያልፉት ሳምንታት በዚህ ሚዛን ላይ እንደ ኪሣራ ተቆጠሩ።