ሳይንስ በምስል፦ ከጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን እስከ ልጆቻችን ስልክ

እንደሚታወቀው በሀገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የቴሌቪዥን ትምህርት ተከተለ። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ መምህሩ በጠመኔ ስሎ የሚያስረዳውን የልብ ምት ተማሪው ሲንቀሳቀስ ያየዋል።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ እርምጃ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው «ፕላዝማ» ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ሳይንስና ሒሳብ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ምስሉ ግሩም ነበር። ይሁን እንጂ ሥርጭቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ ያልገባው ተማሪ «አንዴ ይድገሙልኝ» ማለት አይችልም። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ የሚል ቅሬታ ተሰማ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ ያመልጣል።

ለትንንሾቹ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ዝግጅት በአማርኛ አቀረቡ። ፀሐይ የተባለችው የቀጭኔ አሻንጉሊት እየጠየቀች ስትማር ልጆችም አብረዋት ጠየቁ። በታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ2014 «ኡቦንጎ ኪድስ» የተባለው የካርቱን ዝግጅት ሒሳብንና ሳይንስን በስዋሂሊ በዘፈንና በተረት ማስተማር ጀመረ። ሁለቱም ሕፃኑን በሚገባው ቋንቋ ያነጋግራሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በኢትዮጵያም፣ በኬንያም፣ በታንዛኒያም ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የቴሌቪዥንና የስልክ ትምህርት ለብዙ ቤት ብቸኛው አማራጭ ሆነ። መብራትና ስልክ የሌለው ልጅ ግን ያም አልደረሰውም።

ይህ ታሪክ እኛን በስደት ያለነውን ወላጆች በቀጥታ ይመለከታል። ልጆቻችን ሳይንስን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ነው። ዘር እንዴት እንደሚበቅል በስልክ አይተው በሚገባ ያስረዳሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲዘሩ ለኖሩት አያታቸው ግን በአማርኛ መንገር ያቅታቸዋል። ትነት፣ ስበት፣ ብቅለት የሚሉት ቃላት ከቤታችን እየጠፉ ነው። የሚጠፋው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ በልጅና በአያት መካከል ያለው ጨዋታም አብሮ ይጠፋል።

በመሆኑም ቪዲዮውን አንከልክል፤ አብረን እንይ። ፕላዝማው ማድረግ ያልቻለውን እኛ እናድርግ፦ መሐል ላይ አቁመን «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» እንበል። ቪዲዮው የቀናቱን ሥራ በአንድ ደቂቃ ስለሚያሳይ፣ ባቄላውን በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርገን በመስኮት በኩል እናስቀምጥ፤ ልጁ ትዕግሥትንም ይማራል። ከዚያም ያየውን ለአያቱ በስልክ፣ በአማርኛ ይንገራቸው። እርሳቸውም የሚጨምሩለት አያጡም።