ወጣቶችን ከመሬት ቅየሳ ሙያ ጋር በተግባር ማስተዋወቅ፦ ከወልዲያ እስከ ሀብሩ

የመሬት ቅየሳ የአንድን ቦታ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ወሰን ለክቶ በካርታ ላይ የማስፈር ሙያ ነው። በአርሶ አደሩ ዘንድ ግን ቅየሳ የቤተሰብ መተዳደሪያ የሚጸናበት ወይም የሚናጋበት ጉዳይ ነው። ወሰኑ በትክክል ያልተለካ ማሳ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከወንድም ያጋጫል፤ ባለይዞታውንም ከእርሻው አስተጓጉሎ በፍርድ ቤት ደጃፍ ያመላልሰዋል። በመሆኑም ነገ ገመድና ሜትር የሚይዙት ወጣቶች ሙያውን የሚማሩበት መንገድ በየደረጃው የሚገኙ የመሬት አስተዳደር አመራሮችንና ባለሙያዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው ሀብሩ ወረዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወረዳው በምዕራብ በኩል ተራራማ ሲሆን በምሥራቅ ወደ አፋር ክልል ዝቅ እያለ ይሄዳል። በመሆኑም ሜዳማ ማሳና ተዳፋት ላይ ያለ እርሻ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱ የተለያየ የአለካክ ጥንቃቄ የሚጠይቁ በመሆናቸው አካባቢው ለጀማሪ ቀያሽ ራሱን የቻለ የመማሪያ ሥፍራ ነው።

ከገመድ ወደ ካርታ

በአገራችን የማሳ ስፋት ለረጅም ዘመን የሚነገረው በጥማድ ነበር። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን በብዙ አካባቢዎች ከሩብ ሄክታር ጋር ይነጻጸራል። ይሁንና እንደ አፈሩ ጠባይና እንደ በሬው ጉልበት ስለሚለያይ ለሕጋዊ ማስረጃነት በቂ አይደለም።

የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርን በአዋጅ ቁጥር 46/1992 መምራት የጀመረ ሲሆን፣ አዋጁ በቁጥር 133/1998፣ በኋላም በቁጥር 252/2009 ተሻሽሏል። የይዞታ ምዝገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት ቀበሌዎች አንዷ በደቡብ ወሎ የምትገኘው ገራዶ ነበረች። በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ማሳዎች በአብዛኛው በገመድና በሜትር ተለክተው አዋሳኞቻቸው በአራቱ ማዕዘን በስም ተመዘገቡ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ተሰጠ። ሥራው የብዙ ሴቶችን የይዞታ መብት በጽሑፍ ያጸና ቢሆንም ደብተሩ የማሳውን ካርታ አልያዘም ነበር።

ይህን ለማሟላት በተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ የማሳው ወሰን ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ይሰመራል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል የተካሄደው ፕሮግራም 14 ሚሊዮን ማሳዎችን ለመመዝገብ አቅዶ ነበር። በዚህ ሥራ በየአካባቢው የተመለመሉ ወጣቶች አጭር ሥልጠና ወስደው በረዳት ቀያሽነት ተሰማርተዋል። ልምዱ እንደሚያሳየው የተግባር ሥልጠና ያገኘ ወጣት በበሰለ ባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ ለወገኑ አስተማማኝ አገልግሎት መስጠት ይችላል።

በመስክ ላይ የሚቀሰም ዕውቀት

የቅየሳ ትምህርት የሚጀምረው ውድ በሆነ መሣሪያ አይደለም። ሜትር፣ ችካል፣ ሲባጎ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ እንዲሁም መመዝገቢያ ደብተር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ትምህርት ተዳፋትን የሚመለከት ነው። ካርታ የሚቀበለው አግድም የሆነውን ርቀት ነው። 30 ሜትር የሚረዝም መለኪያ በመሬቱ ላይ ተዘርግቶ አንዱ ጫፍ ከሌላው 6 ሜትር ከፍ ቢል ትክክለኛው አግድም ርቀት 29 ሜትር ከ39 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ እንዲህ የለካ ጀማሪ በ90 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሳሳታል። መፍትሔው መለኪያውን በአጫጭር ርቀት አግድም ወጥሮ፣ ጫፉን በቱንቢ ወደ መሬት እያወረዱ ደረጃ በደረጃ መለካት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቅርጽን ይመለከታል። አራቱም ጎኖቹ 50 ሜትር የሆኑ ማሳ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ስፋቱ 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ነው። ማሳው ዘመም ብሎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ 60 እና 80 ሜትር ከሆነ ግን ስፋቱ 2 ሺህ 400 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። አራቱን ጎን ብቻ የለካ ሰው የ100 ካሬ ሜትሩን ልዩነት አያየውም። ስለዚህ ሠልጣኙ ማሳን በሦስት ማዕዘኖች ከፍሎ መለካትን በእጁ ሊለማመድ ይገባል።

ሦስተኛው ከፍታን መለየት ነው። ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት ዘንጎች መካከል 10 ሜትር ሲባጎ ተወጥሮ መሃሉ ላይ ውኃ ልክ ሲንጠለጠል የዘንጎቹ እግር በእኩል ከፍታ ላይ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። በተፋሰስ ልማት ሥራ የእርከን መስመር የሚቀየሰው በዚህ ዘዴ ነው። ውኃ ልኩን አዙሮ ደግሞ በማንጠልጠል የመሣሪያውን ትክክለኛነት መፈተሽ የሥልጠናው አካል ነው፤ ያዘመመ እርከን ጎርፍን ከማቆም ይልቅ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስበዋልና።

አራተኛው የዘመናዊ መሣሪያን ወሰን ማወቅ ነው። በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ አንዱ የ50 ሜትር ወሰን በ4 ሜትር ቢዛባ 200 ካሬ ሜትር ወይም የይዞታው 8 በመቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተመሠረቱበት አዲንዳን የተባለው የልኬት መነሻ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት የተለየ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ቀያሽ አንድን ነጥብ 200 ሜትር ያህል አሳስቶ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ቀያሽ ወሰንን እንደማይወስን ሠልጣኙ ሊገነዘብ ይገባል። ወሰኑ የሚታመነው ባለይዞታዎችና አዋሳኞች የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ባለበት ሲያሳዩት ነው። የቀያሹ ድርሻ የታመነውን ያለ አድልዎ መዝግቦ ለሁሉም በሚታይ መንገድ ማቅረብ ነው። መበለቶች፣ አቅመ ደካሞችና ወላጅ ያጡ ልጆች በሌሉበት የተሰመረ መስመር፣ ልኬቱ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

የተቋማት ድርሻ

በወልዲያና በመርሳ ለዚህ መሠረት የሚሆኑ ተቋማት አሉ። በ2004 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በመርሳም ካምፓስ አለው፤ የመርሳ ግብርና ኮሌጅ የግብርና ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቷል፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በክልል ደረጃ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመሬት አስተዳደር የሙያ መስክ ሲያስተምር መቆየቱ ይታወቃል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓቱም ከሥልጠናው 70 በመቶ የሚሆነው በተግባር እንዲሆን የሚያዝ መርሕ አለው።

በሌላ በኩል ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በጦርነቱ ሥር በቆየችበት ወቅት ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ የመንግሥት ተቋማት ለዘረፋና ለውድመት መዳረጋቸው ይታወሳል። ይህም የመሬት መረጃ ቅጂ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት የሚያስተምር ነው። በቀላል መሣሪያ የሚጀመር ሥልጠና ደግሞ ቶታል ስቴሽን እስኪገዛ ድረስ መቆም አያስፈልገውም።

ከዚህ በመነሣት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሥልጠናውን ሲያቅዱ ጥቂት ነጥቦችን ሊያጤኑ ይገባል። ሠልጣኞች ቁጥራቸው በሚመጠን ቡድን ተከፍለው በሥራው ላይ በየተራ ቢፈራረቁ፣ አንድ ማሳ በሁለት ቡድን ለየብቻ ተለክቶ ውጤቱ ቢነጻጸር፣ የመስክ ደብተር በስርዝ እንጂ በፍቅ እንዳይታረም ቢደረግ እንዲሁም ሴት ወጣቶች መሣሪያውን ራሳቸው እንዲይዙ ዕድል ቢሰጥ ሥልጠናው ፍሬ ያፈራል። የልምምድ ልኬት በይዞታ መዝገብ ላይ እንዳይገባና ሠልጣኞች በራሳቸው ዘመዶች ማሳ ላይ እንዳይመደቡ መጠንቀቅም ያሻል።

የራሱን ስህተት በሁለተኛ ልኬት ፈልጎ ማግኘት የለመደ ወጣት ነገ የአርሶ አደሩን ደብተር ሲሞላ ቁጥሩን በግምት አያስገባም። የተግባር ሥልጠና ለወረዳው የሚያስገኘው ቀዳሚ ጥቅምም ይኸው ነው።