ከመቅደላ የወጣው ኩርዓተ ርእሱ

የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ድቁና ተቀብዬ ያደግሁት በደማቅ ሥዕል ፊት ነው። ቀዩና ቢጫው ይጮኻል፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ኃጥኡ በአንዱ። ስለዚህ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕል በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ መጀመሪያ ያየሁ ለት ደነገጥሁ። ከጨለማው ውስጥ የእሾህ አክሊል የደፋ ፊት ይወጣል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጓል፣ ደሙ ይወርዳል። በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ ውለን፣ ጉልበታችን ሲከዳን የሚወርድብን ያ ዝምታ ሥዕሉ ላይ አለ።

በዘይት ቀለም የሣለው የአውሮፓ ሰው ነው፤ ጊዜውም 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ። የጎንደር ነገሥታት ግን የራሳቸው አድርገውት ነበር፤ ይዘውት ይዘምታሉ፣ መኳንንቱ በፊቱ ይምላሉ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 እ.ኤ.አ. በሰናር ዘመቻ ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። እንዲህ የተዋጀ ሥዕል የባዕድ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር ወደ መቅደላ አመጡት። መቅደላ ለእኛ ለምዕራብ ወሎ ሰዎች የጎረቤት አምባ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ሥዕሉ ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። የእንግሊዝ ሠራዊት ከአምባው የዘረፈው ቅርስ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ሲወጣ፣ ኩርዓተ ርእሱ እዚያ አልነበረም። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። አፄ ዮሐንስ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል ጠየቁ። ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ሥዕሉም በእጁ ነበር! ፎቶግራፉ በእንግሊዝ መጽሔት የታተመው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በ1917 እና በ1950 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

መኳንንት የማሉበትን፣ ሕዝብ የሰገደለትን ሥዕል ሽያጭ የማንም ንብረት አያደርገውም። መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም የዮሐንስን ደብዳቤ አንሥተው ጥያቄውን ዛሬ ለሊዝበን ይጻፉ። እናንተ የወሎና የጎንደር ካህናት ደግሞ፣ በየደብራችሁ ከኩርዓተ ርእሱ የተቀዳ አሮጌ ሥዕል ካለ፣ ጠቁሯል ብላችሁ በአዲስ ቀለም አታስነኩት።