አንኮበርና የሕዝቧ ቍጥር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደጋው በድንገት ተቈርጦ፥ ቆላው ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያገኘዋል። ጉም ያልጋረደው ቀን እንደ ሆነ የይፋት ኮረብቶች፥ ከእነርሱም ወዲያ የአፋር በረሃ እስከ አዋሽ ሸለቆ ድረስ ይታዩታል። በዚህ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ የገጠር ከተማ አንኮበር ናት። ስሟን ሽማግሎች ሲተረጕሙ አንኮ የተባለች የኦሮሞ ንግሥት በር ማለት ነው ይላሉ። ሌላ ትርጓሜ ያለው ሰው ቢኖር አንከራከረውም፤ በር መሆኗን ግን ቦታው ራሱ ይመሰክራል።

ስለ አንኮበር ሲወራ ዘወትር የሚሰማው ቃል ታላቅ ነበረች፥ ወደቀች የሚል ነው። ይህንንም የሚሉ ሰዎች ሁለት ቍጥር ይጠቅሳሉ። በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን የከተማዋን ሕዝብ ከ10 ሺሕ እስከ 15 ሺሕ ሲገምቱት፥ በ1903 ዓመተ ምሕረት የታተመው ታላቁ የእንግሊዞች መዝገበ ዕውቀት ግን 2 ሺሕ ያህል ነው ብሎ ጽፏል። (ዓመታቱን ሁሉ በእኛው አቈጣጠር ጽፈናል።) ይህን ያህል ጉድለት ያየ ሰው ቸነፈር ወይስ ጦር ገባባት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከ1880 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የወረደው ክፉ ቀን አገሩን ሁሉ እንደ ጐዳ እርሷንም ሳይጐዳ አላለፈም፤ ዳሩ ግን የጉድለቱ ዋና ምክንያት እርሱ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች የቈጠሩት አንድ ነገር አልነበረም።

የጥንት ጸሐፊዎች ከተማ ሲሉ የንጉሡን ሰፈር ማለታቸው ነበር። ንጉሡ የሰፈረበት ከተማ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ የሄደ እንደ ሆነ ግን ያው ቦታ እርሻና የከብት መሰማሪያ ይሆናል። አንኮበርን መቀመጫ ያደረጋት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ እንደ ሆነ ይነገራል። ልጁ አስፋ ወሰንና የልጅ ልጁ ወሰን ሰገድ ከእርሱ በኋላ ሸዋን ገዙ፤ የወሰን ሰገድ ልጅ ሣህለ ሥላሴም ንጉሠ ሸዋ ተብሎ እስከ 1840 ዓመተ ምሕረት ሲገዛ አንኮበር ከፍ ያለ ማዕርግ አገኘች። ነገር ግን ሣህለ ሥላሴ ራሱ ዓመቱን ሙሉ በአንኮበር አይቀመጥም ነበር፤ አንድ ጊዜ በአንጎለላ፥ ሌላ ጊዜ በደብረ ብርሃን ይከርም ነበር። እንግዲህ አሥራ አምስት ሺሕ የተባለው ቍጥር ንጉሡ በከተማው ሳለ የታየ እንደ ሆነ፥ ያ ሁሉ ሰው የአንኮበር ተወላጅ ነው ማለት አይቻልም።

ያን ጊዜ ከተማዋ ምን ትመስል እንደ ነበር በብዛት ጽፈው የተዉልን እንግዶች ናቸው። ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1831 ገቡ። የፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር መጣ። በ1833 ደግሞ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ ብዙ ሰውና ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ደረሰ፤ በኅዳር 1834 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ቤተ መንግሥቱ ጫፉ እንደ ሾጠጠ ኮረብታ ላይ ሆኖ ከግርጌ እስከ ራስ በእንጨት አጥር ዙሪያውን ተከብቧል፤ በታቹ ሣር ክዳን ቤቶች በተረተሩ ላይ ተበትነዋል፤ በዛፎችም መካከል የቅዱስ ሚካኤልና የእመቤታችን የሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ጕልላት ይታያል። በአጥሩ ውስጥ ፈጮችና ፈታዮች፥ ጠጅ ጣዮች፥ አንጥረኞች፥ ዘበኞችና ባለሟሎች ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። አውሮፓውያኑ የከተማ ሕዝብ ብለው የቈጠሩት አብዛኛውን ይህን ከንጉሡ ማዕድ የሚበላውን ቤተ ሰብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውኃ ወፍጮው ነገር ጥቂት ልናነሣ እንወዳለን። ድሜጥሮስ የሚባል ከአልባንያ የመጣ ግንበኛ ለሣህለ ሥላሴ በውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙት፤ ወፍጮውም ቆመ። ይህን የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች በካህናቱ ይሥቃሉ። እኛም ካህናቱ አልተሳሳቱም ለማለት አንደፍርም፤ በዚያ ወፍጮ መቆም ሸክሙ የተመለሰው ሌሊት ተነሥተው በሚፈጩት ሴቶች ጫንቃ ላይ ነውና።

ሁለተኛው የከተማዋ ሕይወት የነጋዴው መንገድ ነበር። ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ቅፍለት በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚያርፈው ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ነው። በዚያች የእስላሞች መንደር ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆማል፤ ጨው ከቆላ ይወጣል፥ እህልና ቡና ከደጋ ይወርዳል፥ ጨርቅና ዶቃም ከባሕር ማዶ ይመጣል። በአቅራቢያዋ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ የአንኮበር ሀብት ሲነገር ይህ ሊደበቅ አይገባውም። አገሩን በንጉሡ ስም የሚያስተዳድሩት የይፋት ወላስማ ነበሩ፤ የንጉሡ ወንድሞች በእስር የኖሩበት የጎንቾ አምባም በእጃቸው ነበር። መሳፍንቱ በሐሪስ ዘመን ተፈቱ፤ እርሱም በእኔ ምልጃ ነው ብሎ ጽፏል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ሸዋን ይዘው ሕፃኑን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዱ። ምኒልክ በ1857 አምልጠው ሲመለሱ አንኮበርን እንደ ገና ያዙ፤ ነገር ግን እንደ አያታቸው በአንድ ቦታ ብቻ አልረጉም፤ ልቼንም መቀመጫ አደረጉ። የኢጣልያው አንቲኖሪ ባልንጀሮቹን ይዞ መጥቶ በአንኮበር አጠገብ በሌት ማረፊያ የጥናት ስፍራ ተሰጠው፤ በ1874 ሞቶም በዚያው ተቀበረ። ስዊሳዊው ኢልግም በ1871 የመጣው ወደ አንኮበር ነበር። በዚሁ ዘመን ግን የንጉሡ ዓይን ወደ ደቡብ ዞሯል። አስቀድሞ እንጦጦ ተሠራ፥ በኅዳር 1879 አዲስ አበባ ተቈረቈረች።

በዚያው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ወራት የተጓዘ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡ ግን በዚያ አልነበሩም። ሰውዬው ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ እንጦጦ ወጣ፥ ጠመንጃውንም ባላሰበው ርካሽ ዋጋ ሸጠ። ይህ ነጋዴ ሬምቦ ነው፤ በወጣትነቱ ቅኔውን ጽፎ ጨርሶ፥ ዛሬ አገሩ በእርሱ የሚመካበት ባለቅኔ። አንኮበር ባዶዋን መቅረት መጀመሯን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ቤተ መንግሥቱ ሲነሣ ፈጩም አንጥረኛውም ባለሟሉም ተከተለ። ጠይብ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮችም ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወጡ፤ በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የብዙዎቹ ዘር ከዚያው ይመዘዛል። እንግዲህ ከአንኮበር ጐደለ የተባለው ሕዝብ አልጠፋም፤ አዲስ አበባ ገባ እንጂ። በአንኮበር የቀረው የመንግሥት ግምጃ ቤትና እስር ቤት ነበር፤ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ በግዞት ተቀምጠው የሞቱት በዚያ ነው። ከዚህም በኋላ በ1909 የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የቅፍለቱ መንገድ ሞተ። ኢጣልያኖችም ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በጣርማ በር ተራራውን በስተው ሲያሳልፉት አንኮበር ከጎን ቀረች። ቸነፈር ሳይሆን መንገድ ነው የጐዳት።

አሁን ደግሞ ያልሄዱትን እንቍጠራቸው። በተረተሩ ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርሰው ገበሬ ንጉሥ ሲመጣም ሲሄድም በቦታው ነበር። ከታች በቆላው ያሉት አርጎባዎች፥ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች፥ ከመንደራቸው አልተነሡም፤ በአልዩ አምባ ያሉት ብዙዎቹ ዛሬ በአማርኛ ይናገራሉ እንጂ። የየደብሩ ካህናትም ማሕሌታቸውን አላቋረጡም። በ1903 ሁለት ሺሕ ተብለው የተጻፉት እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ናቸው፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመንም ከአሥራ አምስት ሺሑ ውስጥ ተሰውረው ነበሩ እንጂ ማንም ለይቶ አልቈጠራቸውም።

በ1999 ዓመተ ምሕረት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአንኮበር ወረዳ በሞላው ከ76 ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህም በከተማ የሚኖረው ከአሥሩ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር። የወረዳው ዋና ከተማም ጎረቤላ ትባላለች፤ አንኮበር የሚለው የከበረ ስም ለኮረብታውና ለወረዳው ሆኗል። ከዚህም ሌላ ስሙን የያዘ አለ። በ1968 በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ከዚያ በፊት የተፈጥሮ ሊቃውንት ያልመዘገቧት አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ተገኘች፤ በ1971ም በአንኮበር ስም ጠሯት።

በኮረብታው ራስ ላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። በአጠገቡም የቀድሞውን ቤተ መንግሥት አስመስሎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል፤ የሚያድርበት ሰው በማለዳ ተነሥቶ በአጥሩ በኩል ቢመለከት ከቆላው ወደ ገበያ የሚወጡትን የአርጎባ አህዮች በገደሉ መንገድ ላይ ያያቸዋል።