የኮሮና ዘመን የእፎይታ ሕጎች፦ ለትምህርት ቤት፣ ለሠራተኛና ለነጋዴ ምን ይዘው መጡ?

ኮቪድ 19 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ቀን ቆይቶ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሆቴሎች እንግዳ አጡ፣ የአበባ እርሻዎች የውጭ ገበያቸው ተዘጋባቸው፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም ከወንበራቸው እኩሌታውን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ። መንግሥት በሽታውን ለመግታት ክልከላዎችን ሲደነግግ፣ ክልከላው የሚያስከትለውን ጉዳት ለማቃለልም የእፎይታ እርምጃዎችን ወስዷል። ይህ ጽሑፍ የእርምጃዎቹን ይዘት፣ እነማንን እንደሸፈኑና ለወደፊቱ ሊታወቅ የሚገባውን ያብራራል።

የሕጉ መሠረት

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። ሥልጣኑ የፌዴራል መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የክልል መስተዳድሮችም በክልላቸው ሊያውጁ ይችላሉ። የትግራይ ክልል ከፌዴራል መንግሥቱ ቀድሞ በመጋቢት ወር አጋማሽ ያወጀው በዚሁ ድንጋጌ መሠረት ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን ለአምስት ወራት እንዲጸና አጸደቀው። ዝርዝር ግዴታዎቹ የተቀመጡት በማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012 ሲሆን፣ የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ተደንግጓል።

ትምህርት ቤቶች

የትምህርት ቤቶች መዘጋት ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ከመማሪያ ክፍል አውጥቷል። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ጥረት ተደርጓል፤ ይሁን እንጂ መብራት ባልገባበት ቀበሌ፣ ሬዲዮ በሌለው ቤት ለሚኖር ተማሪ ይህ አማራጭ በስም ብቻ የነበረ ነው። በከተሞች ደግሞ ዋናው ጥያቄ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶቹ ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ መመሪያ በመስጠት፣ የወላጅን ሸክምና የመምህራንን ደመወዝ ለማስታረቅ ሞክሯል። የገጽ ለገጽ ትምህርት የቀጠለው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ከገጠር ወረዳዎች ተጀምሮ በየደረጃው ነው።

ሠራተኞች

ደንቡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ አሠሪዎች በወቅቱ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው አሠራር ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሏል። ቤት አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩም ደንግጓል።

የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ዘመኑን ጨርሶ አልፏል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ቋሚ ሕግ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ድርጅት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራው ከተቋረጠ፣ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ አስታውቆ የሥራ ውሉን ለጊዜው ሊያግድ ይችላል። እግዱ ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በእግዱ ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም፤ ነገር ግን ውሉ አልፈረሰም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የታገደ ሠራተኛ የሚመለስበት ሥራ አለው፤ የተሰናበተ ግን የለውም።

ነጋዴዎችና ድርጅቶች

ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ለተበዳሪዎቻቸው ፋታ መስጠት እንዲችሉ 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የግብር እፎይታ ወስኗል። ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ የግብር ዕዳ ተሰርዟል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዕዳ ላይ የተጣለ ወለድና ቅጣት ተነሥቷል። ሥራቸው ቆሞ እያለ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል የቀጠሉ ድርጅቶችም ከደመወዝ ቀንሰው የሚያስገቡትን ግብር ለ4 ወራት እንዳይከፍሉ ተደርጓል።

አርሶ አደሩና የቀን ሠራተኛው

እነዚህ እርምጃዎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፦ የደረሱት በመዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው። የስንብት ክልከላው የሥራ ውል ያለውን፣ የባንክ ፋታው ብድር የወሰደውን፣ የግብር ምሕረቱ የግብር ፋይል ያለውን ይጠቅማል። በአዝመራ ወቅት ለቀን ሥራ ወደ ሌላ ወረዳ የሚሄድ ወጣት፣ በገበያ ቀን ድንችና ሽንኩርት አውርዳ የምትሸጥ እናት ከሦስቱም አልነበሩበትም። በከተማ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም የታቀፉ ተጠቃሚዎች ከአካባቢ ልማት ሥራ ነፃ ሆነው የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተደርጓል፤ ይህም ቢሆን አስቀድሞ ስማቸው ለተመዘገበ ነበር።

ለአርሶ አደሩ ሌላም ጉዳይ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የአርሶ አደሮችን የገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚወስነውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ መከራ ሲመጣ፣ በእነዚህ ክፍያዎች ላይ እፎይታ መጠየቅ ያለበት በቅድሚያ ከክልሉ ምክር ቤትና ከገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ነው።

ከወዲሁ ሊደረግ የሚገባው

ተቀጣሪ ሠራተኛ የሥራ ውሉን በእጁ ይያዝ። ውሉ በቃል የተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የጽሑፍ ውል አለመኖርም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ነጋዴ የግብር ደረሰኙን፣ አርሶ አደር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንና የማኅበር አባልነት መታወቂያውን ይጠብቅ። የቀበሌ መዝገብም የቀን ሠራተኛውንና አነስተኛ ቸርቻሪውን ያካተተ እንዲሆን ነዋሪው መጠየቅ ይኖርበታል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዳሉት፣ በችግር ቀን የሚከፋፈል እፎይታ የሚፈልገው የተጻፈን ስም ነው።